የኢኮው ቁጥር ሳይለወጥ እናቴ ዳገቱን ወጣች፤ ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

የሆጤው መምህር (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምጠይቀው ስለ እናቴ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ ታገሡኝ።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እግሯ እያበጠ፣ ሌሊትም ሦስት ትራስ ካልደረበች መተኛት እያቃታት ስትመጣ ወደ ሕክምና ወሰድናትና የልብ ድካም እንዳለባት ተነገረን። በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲታይ የግራው የልብ ክፍል በአንድ ምት የሚረጨው ደም፣ ባለሙያዎቹ ኢጄክሽን ፍራክሽን የሚሉት፣ 30 በመቶ ነበር። መድኃኒት ጀመረች፤ እብጠቱም ጎደለ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ያገኘናት አንዲት ባለሙያ «ልቧ ደክሟልና ምንም ሥራ እንዳታስነኳት» ብላን ስለነበር፣ እኛም ቃሏን እንደ ትእዛዝ ይዘን እናታችንን ለሰባት ወር ያህል ከአልጋ አላወረድናትም። ቡና ማፍላት የማንም እጅ እንዲነካባት የማትወደው ሥራዋ ነበር፤ በእነዚያ ወራት ግን ረከቦቱን የምትዘረጋው እህቴ ነበረች፣ እሷም አቦሉን እዚያው በተጋደመችበት ትቀበላለች። ሰላቷንም የምትሰግደው ተቀምጣ ነበር። በሰባተኛው ወር አንድ ቀን እግሯን ሳጥባት ባቷን በአንድ እጄ ስይዘው አውራ ጣቴና መሐል ጣቴ ተገናኙ። ያን ጊዜ እየተንከባከብናት ሳይሆን እያደከምናት እንደሆነ ጠረጠርኩ።

ኮምቦልቻ የምትኖረው አክስቴ «እስኪ እኔ ዘንድ ትክረም፤ ሰፈሩ ሜዳ ነው» ብላ ወሰደቻት። እዚያ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሐኪሟን አስፈቅዶ በቀን በ5 ደቂቃ እርምጃ አስጀመራትና በአራት ወር ውስጥ 30 ደቂቃ አደረሳት። አሁን ወደ ደሴ ተመልሳለች። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ባለው ዳገት ላይ ቀድሞ ሦስት ጊዜ ታርፍ ነበር፤ መጀመሪያ ከሱቁ ደጃፍ፣ ቀጥሎ ከመብራት ምሰሶው ሥር፣ በመጨረሻም ከጎረቤታችን የቆርቆሮ በር። ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዴ ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ ስጠብቃት አልፋኝ ሄደች። ምሰሶው ሥርም አልቆመችም። የቆርቆሮው በር ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «ምነው፣ ቀረህሳ?» አለችኝ።

በማግስቱ ደስ ብሎኝ ለክትትል ወሰድኳት። ኢኮው 32 በመቶ አለ። ሐኪሙም «ያው ነው፤ ለውጥ የለውም» አለን። ቤት ስንገባ እናቴ ፊቷ ጠቁሮ «እንግዲያ ድካሜ ሁሉ ለከንቱ ነው» አለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ለእርምጃ እየጎተትኩ ነው የማስወጣት። ልቧ ካልተለወጠ ዳገቱን ያስወጣት ምንድን ነው? በልብ ሕዋስ ውስጥስ ኢኮው የማያየው ነገር ይኖር ይሆን? ደግሞስ ደሴ ከኮምቦልቻ ከፍ ስለምትል እዚህ እንቅስቃሴውን መቀጠሏ ያሰጋ ይሆን?


ፊዚዮቴራፒስት (ኮምቦልቻ)፦

መምህር፣ በቅድሚያ አብሽሩ። ያዩት ለውጥ እውነት ነው፤ ቁጥሩ አለመለወጡም እውነት ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ጤነኛ ልብም ቢሆን የያዘውን ደም በሙሉ አይረጭም፤ በየምቱ ከ55 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው የሚያወጣው። የእናትዎ 30 በመቶ ዝቅተኛ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚለካው ታማሚዋ በግራ ጎኗ ተጋድማ፣ ዐርፋ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ሳለች ነው። ዳገት ላይ ማንም አልለካውም። በዚያ ላይ አንድ ታማሚ በተለያየ ቀን ብትለካ ውጤቱ 5 ነጥብ ያህል ከፍም ዝቅም ሊል ስለሚችል ከ30 ወደ 32 መሄዱን እኔም ለውጥ አልለውም። የኢኮው ቁጥርና ሰው የመራመድ አቅም እምብዛም እንደማይከተሉ በሕክምናው ዓለም ከታወቀ ደግሞ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ዳገት ለመውጣት ሰውነት ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅኑን ልብ ይገፋል፣ ደም ይሸከማል፣ የእግር ጡንቻ ደግሞ ከደሙ ነጥቆ ይጠቀምበታል። ስለዚህ አቅም ማለት የልብ ግፊት በጡንቻው የመንጠቅ ችሎታ ሲባዛ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ባለበት ቆሞ ሌላው ቢያድግ ውጤቱ ያድጋል። በእነዚያ ሰባት ወራት የእናትዎ ባት ሲከሳ ሥጋው ብቻ አልነበረም የጠፋው፤ በጡንቻው ውስጥ ኃይል የሚያመርቱት ሚቶኮንድሪያዎችና ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን የደም ሥሮችም አብረው ተመናምነዋል፣ ትልልቆቹ የደም ሥሮችም እንደ ፍላጎቱ የመስፋት ባሕርያቸው ቀንሷል። በኮምቦልቻው እርምጃ በብዛት የተመለሰላቸው ይህ ነው።

አልጋ ጤነኛን እንኳ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ዳላስ ከተማ የተደረገውን ጥናት ማስታወስ ይበቃል። አምስት የ20 ዓመት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ብቻ እንዲውሉ ተደረገ፤ ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀማቸው ከሩብ በላይ ወረደ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች በ50 ዓመታቸው እንደገና ሲለኩ፣ አንዳቸውም በሠላሳ ዓመት እርጅና የቀነሱት በሦስት ሳምንት አልጋ የቀነሱትን ያህል አልነበረም። የሃያ ዓመት ጎረምሳ በሦስት ሳምንት እንዲህ ከሆነ፣ የልብ ድካም ያለባት እናት በሰባት ወር ምን እንደምትሆን እርስዎ በጣትዎ ለክተውታል።

እናንተን ግን ማንም ሊወቅሳችሁ አይገባም። የልብ ሕመምተኛ ይተኛ የሚለው ምክር በዓለም ሁሉ ለረጅም ዘመን የተሠራበት ነበር፤ የልብ ጡንቻው በደም እጦት የተጎዳ ሰው ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይወርድ ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ቦስተን ውስጥ ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን ታማሚዎቻቸውን ቀን ቀን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ሲጀምሩ እንደ ድፍረት ነበር የታየባቸው። ለልብ ድካም በተለይ ትልቁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሲሆን፣ ኢጄክሽን ፍራክሽናቸው 35 በመቶና ከዚያ በታች የሆነ 2,331 ታማሚዎች ተሳትፈውበታል። እንቅስቃሴው ሞትንና ሆስፒታል መተኛትን የቀነሰው በመጠኑ ነው፤ ያም የታየው የታማሚዎቹ የሕመም ክብደት ልዩነት በስሌት ከተስተካከለ በኋላ ነበር። ይህን ሳልደብቅ መናገር እፈልጋለሁ። ነገር ግን እንቅስቃሴው አደጋ እንደማያስከትልና የታማሚዎቹን የኑሮ ሁኔታ እንደሚያሻሽል በግልጽ ታይቷል።

ስለ ከፍታው፦ ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። በኮምቦልቻ አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ እጅ፣ በደሴ ደግሞ በሩብ ያህል ያንሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ጠባብ ነው፤ እናትዎም ዕድሜያቸውን ሙሉ ደሴ የኖሩ ናቸው። ከኮምቦልቻ እንደተመለሱ አንድ ሁለት ሳምንት ለዘብ ማድረግ ይበቃል። እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ዳገቱ ነው። በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሜዳ ፍጥነት የሚራመድ ሰው ከሜዳው እጥፍ በላይ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ስለዚህ የዕለቱ እርምጃ በሜዳ ይሁን፤ ዳገቱን ወደ ቤት ለመግባት ብቻ፣ በዝግታ ይውጡት።

ሜቶፕሮሎል ወይም መሰሉን የሚወስዱ ከሆነ በልብ ምት ቁጥር አትመሩ፤ መድኃኒቱ ምቱን ስለሚይዘው ያታልላችኋል። ሲራመዱ ዐረፍተ ነገር ጨርሰው መናገር ከቻሉ ልኩ እሱ ነው። በየማለዳው ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑ። በሦስት ቀን ውስጥ ወደ 2 ኪሎ ከጨመሩ፣ እግራቸው ካበጠ ወይም ሌሊት ትራስ መደረብ ከጀመሩ እንቅስቃሴው ይቁምና ሐኪም ይያቸው።


የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)፦

መምህር ስለ ሕዋሱ ለጠየቁት እኔ ልሞክር። ያደግሁት ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፤ አሁን የማጠናው ባዮፊዚክስ ሲሆን ሥራዬም ልብን ከሚያንቀሳቅሱ ፕሮቲኖች ጋር ነው።

የልብ ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክሮች ተጠላልፈው ይገኛሉ። ወፍራሞቹ ማዮሲን፣ ቀጫጭኖቹ በዋናነት አክቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ጡንቻ ሲኮማተር ክሮቹ ራሳቸው እንደማያጥሩ፣ ይልቁንም አንዱ በአንዱ ላይ እንደሚንሸራተት እ.ኤ.አ. በ1954 አንድሩ ሃክስሊና ሂዩ ሃክስሊ ከየቡድናቸው አስታወቁ፤ ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ዘመዳሞች አልነበሩም። ከጉድጓድ ውሃ የሚቀዳ ሰው ገመዱን እጅ በእጅ እየተቀባበለ እንደሚስብ፣ የማዮሲን ራሶችም አክቲኑን ይዘው ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይይዛሉ። በአንድ ወፍራም ክር ላይ እንዲህ ያሉ ራሶች በመቶዎች የሚቆጠሩ አሉ። አንዷ ራስ በአንድ ስበት የምታንቀሳቅሰው ርቀት ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮን ናኖሜትር መሆኑን ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1994 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ስፑዲችና ባልደረቦቹ ይህን የአንዲት ሞለኪውል ስበት ለመለካት የቻሉት ጥቃቅን ዶቃዎችን በሌዘር ጨረር ቆንጥጠው በመያዝ ነው። የጨረር መቆንጠጫውን የፈለሰፈው አርተር አሽኪን በ96 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

እነዚህ ራሶች ግን ካልታዘዙ አይስቡም። የሚያዛቸው ካልሲየም ነው። ይህን ነገር ያወጣው የሲድኒ ሪንገር ታሪክ ለእኔ ሰፈር ልጅ ልዩ ትርጉም አለው። ሪንገር ለንደን ውስጥ ከእንቁራሪት የወጣ ልብን በጨው ውሃ እያቆየ ያጠና ነበር፤ ልቡም ለረጅም ጊዜ ይመታ ነበር። በኋላ በንጹሕ የተጣራ ውሃ ጨዉን ሲበጠብጥ ልቡ ቆመ። ጉዳዩን ሲመረምር፣ ቀደም ሲል ውሃው የተዘጋጀው በተጣራ ሳይሆን በቧንቧ ውሃ እንደነበር ደረሰበት፤ በቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነበር ልቡን የሚያስመታው። ይህን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው።

አሁን ወደ እናትዎ። ካልሲየሙ በሕዋሱ ውስጥ ከተለቀቀ በኋላ ልብ እንዲፈታ ተመልሶ ወደ ማከማቻው መግባት አለበት። ይህን የሚሠራው ሰርካ የሚባል ፓምፕ ሲሆን፣ ሁለት የካልሲየም አተሞችን ለማስገባት አንድ ኤቲፒ (ሕዋስ እንደ ነዳጅ የሚጠቀምበት ሞለኪውል) ያወጣል። ሰው ልብ ኃይል የሚፈጀው ሲኮማተር ብቻ ይመስለዋል፤ መፍታትም ዋጋ አለው። በደከመ ልብ ሰርካ ይቀንሳል፤ ካልሲየሙ ከቦታው ቶሎ ስለማይነሣ ልቡ በዝግታ ይፈታል፣ ማከማቻውም በቂ ስለማይሞላ ቀጣዩ ምት ይደክማል። የልብ ጡንቻቸው ከፊሉ በደም እጦት የሞተባቸው አይጦች በመሮጫ ማሽን ሲለማመዱ ሰርካ ጨምሮ፣ የነጠላ ሕዋሶቻቸው መኮማተርና መፍታት ታርሞ ታይቷል። ይህ በኢኮ ዋና ቁጥር ላይ በቀጥታ የሚነበብ ነገር አይደለም። ኖርዌይ ትሮንድሃይም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 በ27 አረጋውያን የልብ ድካም ታማሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ፣ በየመሐሉ እያረፉ በከፍተኛ ጥረት የተለማመዱት ሰዎች የኦክስጅን አጠቃቀማቸው በ46 በመቶ ሲያድግ፣ በመካከለኛ ጥረት የሄዱት በ14 በመቶ ነው ያደጉት። ስለዚህ እናትዎም አልፎ አልፎ ፈጠን ቢሉ ሳይሻላቸው አይቀርም።


የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)፦

ወንድሞቼ፣ የጻፋችሁት ሁሉ ጠቅሞኛል። ነገር ግን «ፈጠን ይበሉ» የሚለውን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ዝም ብዬ ማለፍም አልቻልኩም።

ታናሽ እህቴ በ19 ዓመቷ ሲደክማት አንድ የጤና አማካሪ ነኝ ያለ ሰው «ልብሽን የሚያጠነክረው ሩጫ ነው» ብሎ ማለዳ ማለዳ ከጓደኞቿ ጋር ታሮጥ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት አየር አጥታ ተነሣች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስታስል ነጠላው ላይ የወጣው አረፋ ሮዝ ቀለም ነበረው። እስከ ዛሬ ያ ነጠላ ከዓይኔ አልጠፋም። ሆስፒታል ስንደርስ የታወቀው የልቧ ማይትራል ቫልቭ በልጅነቷ በያዛት የሩማቲክ ሕመም (ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በሚነሣ በሽታ) ምክንያት ጠቦ እንደነበር ነው። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር፤ እኛ ግን ቶንሲል ነው ብለን አልፈነው ነበር።

ሐኪሙ በኋላ ያስረዳኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ደም ከሳንባ መጥቶ በዚያ ጠባብ በር በኩል ወደ ግራው የልብ ክፍል የሚያልፈው ልብ ሲፈታ ነው። ልብ ሲፈጥን በይበልጥ የሚያጥረው ይኸው የመፍቻው ጊዜ ነው። በሩ ጠባብ፣ ጊዜውም አጭር ሲሆን ደሙ ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ስለዚህ የመምህርን እናት ያዳነው እንቅስቃሴ ለእህቴ መርዝ ነበር ማለት ነው። በአገራችን ይህ የቫልቭ ሕመም ብዙ ወጣቶችን የያዘ ነው፤ «የልብ ድካም» የሚለው ስም ሁለቱንም ይሸፍናል። እህቴ ቫልቩ በፊኛ ከተከፈተላት በኋላ ነው በሐኪም ፈቃድ እርምጃ የጀመረችው፤ ሕመሙ እንዳይመለስባት በየ4 ሳምንቱ የምትወጋውን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌም አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለፈችም። መምህር፣ እባክዎ ኢኮው ላይ ስለ ቫልቮቹ ምን እንደተጻፈ ያንብቡልን።


ፊዚዮቴራፒስት (ኮምቦልቻ)፦

እህቴ፣ ይህን ስለጻፉልን አላህ ይስጥልን። እኔ በመጀመሪያው መልሴ ልጠይቀው የሚገባኝን ነው የጠየቁት፤ ሐኪም አስፈቅደዋል ስለተባለ አልፌው ነበር። የቫልቭ መጥበብ ያለበት ሰው በሩ እስኪስተካከል ድረስ የሚያፋጥን እንቅስቃሴ አይታዘዝለትም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ ስለ ሞለኪውሎቹ የጻፈው ግሩም ነው፤ ደግሜ አነበዋለሁ። በመጨረሻው ምክሩ ግን አልስማማም። የትሮንድሃይሙ ውጤት ብዙዎቻችንን አስደስቶ ነበር፤ ነገር ግን ያው ጥያቄ በዘጠኝ የአውሮፓ ማዕከላት በ261 ታማሚዎች እንደገና ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ፣ ከፍተኛው ጥረት ከመካከለኛው በልጦ አልተገኘም። መካከለኛው ያው ፍሬ ከሰጠ፣ ደሴ ዳገት ላይ ያለ ተቆጣጣሪ አንዲትን እናት ፈጠን በይ የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።


የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)፦

እርማቱን እቀበላለሁ፤ የ27 ሰዎችን ውጤት ይዤ ወደ ምክር መሄድ አልነበረብኝም። በራሴ መስክም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ የሰርካን ጂን ወደ ልብ ለማስገባት የተደረገ ሙከራ በመጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ተስፋ አሳይቶ፣ በ250 ታማሚዎች ሲፈተን ጥቅም አላስገኘም፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የአይጦቹን ነገር የጻፍኩትም በመምህር እናት ልብ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው ለማለት እንዳልሆነ ይያዝልኝ። የእግር ጡንቻው ነገር ግን በሰው ላይ በደንብ የታየ ነው።


የሆጤው መምህር (ደሴ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩት፤ ማይትራል ቫልቩ መጠነኛ መፍሰስ አለበት ይላል እንጂ መጥበብ የለበትም። እንደዚያም ሆኖ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን በግልጽ እጠይቀዋለሁ። ሰኞ ገበያ ላሉት እህቴ፣ ለእህትዎ ሙሉ ጤና ይስጥልን።

ትናንት ማታ የጻፋችሁትን ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ዳላሶቹ ልጆች ስትሰማ «ሦስት ሳምንት ብቻ?» ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ «ታዲያ ያ ማሽን ተኝቼ የለካኝን ይዞ ነው ያው ናት ያለው?» አለች። እውነት ነው፤ ቆማ ማንም አልለካትም። ለመሆኑ እኛ ቤት ሆነን ሊለካ የሚችል ነገር ይኖራል?


ፊዚዮቴራፒስት (ኮምቦልቻ)፦

አለ፤ እኛም የምንጠቀምበት ነው። ሜዳ የሆነ ቦታ ላይ 30 ሜትር በገመድ ለክታችሁ በሁለቱም ጫፍ ምልክት አድርጉ። እናትዎ በራሳቸው ፍጥነት ለ6 ደቂቃ ይመላለሱ፤ ቢደክማቸው ይቁሙ፣ ሰዓቱ ግን አይቁም። መጨረሻ ላይ ስንት ሜትር እንደሄዱ ጻፉ። አጠገባቸው ሆነው አያዋሯቸው፣ አይቅደሟቸውም፤ ሰው ከፊቱ የሚሄድ ካለ ሳያስበው ይከተላል። ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ካዞራቸው ወዲያው ይቁም። ከወር በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጫማ ይደገም። ልዩነቱ 30 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ታማሚው ራሱ የሚያውቀው ለውጥ ነው።


የሆጤው መምህር (ደሴ)፦

ዛሬ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ለካን። ገመዱን የያዘችው እህቴ ናት። እናቴ ሳትቆም 30 ሜትሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ጊዜ ሄዳ በ12ኛው መሐል ላይ ሰዓቱ ሞላ፤ 345 ሜትር ማለት ነው። ቁጥሩን ከኢኮው ወረቀት ጀርባ እንድጽፍላት አዘዘችኝ፤ ጻፍኩት። ቤት እንደገባን ረከቦቱን ራሷ ዘረጋች።